«ሞዓ አንበሳ»፦ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንድ ፓንኮች ጋር

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ይህን አልበም በስልካችሁ ስፒከር አትስሙት። ጊታሮቹ የቆርቆሮ ጩኸት ይሆኑባችሁና «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው» ብላችሁ ገና ሳይጀመር ትዘጉታላችሁ። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ፈልጉ፣ ወይም ቤት ውስጥ ያለውን ትልቁን ስፒከር አውጡ። ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ሰዓት ምረጡ።

«ሞዓ አንበሳ» ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ «ዘ ኤክስ» ከሚባል የሆላንድ ባንድ ጋር በ2006 ያወጡት ሲዲ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ጋሽ ጌታቸውን ለእናንተ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። ሽለላን ከፎካሪው አፍ ወስደው በሳክስፎን ያስጮኹት፣ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነስተው እስከ ፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉት፣ ጎፈር አድርገው መድረክ ላይ ይወጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ማስተዋወቅ ያለብኝ ባንዱን ነው፤ የዚህ አልበም ጣዕሙም ጉድለቱም የሚመጣው ከነሱ አሠራር ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ዘ ኤክስ በ1979 ነው የተቋቋመው። ያኔ አምስተርዳም ውስጥ ቤት ያጡ ወጣቶች ባዶ የቆሙ ሕንፃዎችን ሰብረው እየገቡ ይኖሩ ነበር፤ ባንዱም ከነሱ መሀል የወጣ ፓንክ፣ ማለትም ሻካራና ጩኸታም ሮክ የሚጫወት ቡድን ነው። ስሙን የመረጡት ግድግዳ ላይ በስፕሬይ ቶሎ ጽፎ ለመሮጥ ስለሚመች ነው። ማን ምን ይጫወት የሚለውንም በዕጣ ነው የወሰኑት ይባላል፣ የመጀመሪያ ሥራዎቻቸውን የሰማ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ማናጀር የለም። ያስፈረማቸው ትልቅ ሙዚቃ ቤት የለም። አብዛኛውን ሥራቸውን በራሳቸው ስም ያሳትማሉ፣ ኮንሰርታቸውን ራሳቸው ይዋዋላሉ። በ1986 ስለ ስፔን አብዮት ሁለት ትንንሽ ሸክላዎችን ከ144 ገጽ የፎቶ መጽሐፍ ጋር አንድ ላይ አወጡ። እስቲ የትኛው ነጋዴ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚያሳትመው? በ90ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካዊው ቼሎ ተጫዋች ከቶም ኮራ ጋር ሁለት አልበም ሠሩ፣ በኋላም ቺካጎ ሄደው ታዋቂው የድምፅ ባለሙያ ስቲቭ አልቢኒ ቀረጻቸው። ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ፤ ከመጀመሪያው አንስቶ ዛሬም ያለው ጊታሪስቱ ቴሪ ሄሰልስ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ነገር ለማለት ነው። እነዚህ ሰዎች «ይህ ይሸጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃቸው አለቃ ኖሯቸው አያውቅም። ቢኖራቸው ኖሮ ይህ ሲዲ አይኖርም ነበር።

በ2002 አገራችን መጥተው ዞረው ተጫወቱ። በ2004 ደግሞ 25ኛ ዓመታቸውን አምስተርዳም ላይ ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዟቸው። የሚገርመው ያን ጊዜ ያጀቧቸው እነሱ አይደሉም፤ አይሲፒ የሚባለው የሆላንድ ጃዝ ኦርኬስትራ ነው። ጋሽ ጌታቸው ግን ፓንኮቹን መድረክ ላይ አዩና ቀጣዩን ሲዲ ከነሱ ጋር መሥራት እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ልብ በሉ፣ የተማረና የታወቀ የጃዝ ቡድን አጅቧቸው ሳለ፣ ወደ 70 የተጠጉ አዛውንት ጩኸታሞቹን መረጡ። ብዙ ሰው ይህን አልበም «ፈረንጆች የኛን ሙዚቃ ሲሞክሩ» አድርጎ ነው የሚያወራው። ተገላቢጦሽ ነው፤ መራጩ እሳቸው ነበሩ።

ለምን እነሱን? ጆሮ ሰጥቶ የሰማ መልሱን ያገኘዋል። ሽለላ ብቻውን አይቆምም፤ አውጪ አለው፣ ተቀባይ አለው። ፎካሪው ሲንጎራደድ ዙሪያውን የቆመው ሰው ነው የሚያግለው። በ1972 የወጣውን የጋሽ ጌታቸውን ሸክላ (ብዙዎቻችሁ የድሮ ሙዚቃችንን እንደገና በሚያሳትመው የሲዲ ተከታታይ፣ ኢትዮፒክስ ቁጥር 14 ላይ ነው የምታውቁት) ስሰማ ሁልጊዜ የሚሰማኝ አንድ ነገር አለ፦ ሳክስፎኑ ዘራፍ እያለ አጃቢው ግን ልክ እንደ ጨዋ እንግዳ ከወንበሩ አይነሳም። በጣም የምወደው ሥራ ነው፣ አትሳሳቱ። ግን ተቀባይ የለውም። «ሞዓ አንበሳ» ላይ ግን ቴሪና ሌላው ጊታሪስት አንዲ ሙር ጊታራቸውን ያንኳኩታል፣ ይፍቁታል፣ ያቃስቱታል፤ ጋሽ ጌታቸው አንድ ሐረግ ጥለው ትንፋሽ ሲወስዱ ጊታሮቹ ከኋላ ይነሱና «በለው!» የሚሉ ይመስላሉ። ፓንኮቹ ሽለላን ስላጠኑት አይመስለኝም። ለሠላሳ ዓመት ግድም የሠሩት ሥራ ራሱ፣ ተሰብስቦ መጮህና እርስ በርስ መጋጋል፣ ከፉከራ ብዙም ስለማይርቅ ነው።

ሁለተኛዋ ጀግና ድራመሯ ካተሪና ቦርንፌልድ ናት። የኛን ጭክጭካ የውጭ ድራመር ሲመታው ብዙ ጊዜ ወይ ይጎተታል፣ ወይ በጣም ይጸዳና ወዙ ይጠፋል። እሷ ከሲምባሉ ይልቅ ከበሮው ላይ ታተኩራለች፤ ምቱ ከታች ነው የሚመጣው፣ እግራችሁ ሳታዙት ይንቀሳቀሳል። «ኢትዮጵያ ሀገሬ» ላይ እሷንና ቤዙን ብቻ እየተከታተላችሁ አንድ ጊዜ ስሙ፣ ከዚያ ሳክስፎኑን እየተከታተላችሁ ደግሙት። እንግዶቹም ጥሩ ናቸው፦ ፈረንሳዊው ዣቪየ ሻርል በክላሪኔት፣ ካናዳዊው ብሮዲ ዌስት በአልቶ ሳክስፎን፣ ዮስት ባውስ በትሮምቦን። የትንፋሽ መሣሪያ መብዛቱ ጋሽ ጌታቸውን ይሸፍናቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በማን ይሸፈናሉ! ያ ሰፊና የሚርገበገብ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ቁጭ ይላል።

አሁን ወደ ማይጥመኝ ልምጣ።

የያኔው ድምፃዊ ጂ ደብሊው ሶክ አንዳንዶቹ ላይ በእንግሊዝኛ ይገባል፣ ዘፈን ሳይሆን ንግግር በሚመስል አነጋገር። በራሳቸው አልበሞች ላይ ይህ ሰው እሳት ነው። እዚህ ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወራ ያህል ይረብሸኛል፣ ሳክስፎኑ የሚለውን እያለ ቃል ለምን ይጨመርበታል? ፈረንጅ ወዳጆቼ ይህን ክፍል ይወዱታል፣ ምናልባት የጣዕም ጉዳይ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ም የዋልያስ ባንድን ቅጂ ለለመደ ጆሮ ይከብዳል፤ ያ ቅልጥፍናው የለም፣ ጉልበት ብቻ ነው። «ትዝታ» ላይ ደግሞ ጊታሮቹ ትንሽ ዝም ቢሉልኝ እመርጥ ነበር። ትዝታ ተቀባይ አይፈልግም፣ ሰው ብቻውን የሚብሰለሰልበት ነው።

አልበሙ አንድ ላይ ሲሰማም ያደክማል። እኔ ከግማሹ ላይ አቁሜ፣ ቡና አፍልቼ፣ እመለሳለሁ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን «የጋሽ ጌታቸው ሲዲ አመጣሁላችሁ» ብላችሁ ደስ ልታሰኙ ካሰባችሁ ይህን አታምጡ፣ ኢትዮፒክስ 14ን አምጡ። የኔ አጎት አንዱን ዘፈን ሰምቶ «ጌታቸው ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ግን መሣሪያቸውን አልቃኙም» ብሎኛል። ተቃኝቷል ጋሼ፣ እንደዚያ እንዲሆን ነው የተፈለገው።

ጥንዱ ሥራ በ2012 የወጣው «የአንበሳው ትዝታ» ነው፣ ሁለት ሲዲ። እሱ ይለያል። ረጋ ያለ ነው፣ ባንዱም በስድስት ዓመት ውስጥ መቼ ዝም እንደሚባል ተምሯል። ሁለተኛው ዲስክ የቆዩ ቅጂዎችን ስለያዘ የድሮና የአዲስ ጌታቸውን ጎን ለጎን ለማየት ይጠቅማል። ለጆሮ የሚቀለው ይሄኛው ነው፤ ደፋሩ ግን የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ጌታቸው በሚያዝያ 2016 አርፈዋል፣ ነፍስ ይማር። በነዚህ ሁለት ሥራዎች መካከል አብረው አውሮፓን ዞረዋል፣ በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ማህሙድ አህመድና ዓለማየሁ እሸቴ በነበሩበት ምሽት ተጫውተዋል። አሜሪካ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ እዚያ ነበራችሁ አይደል? ቀናሁባችሁ።

ስለ ግዢው። ሲዲውን ያወጣው «ቴርፕ» የሚባለው የቴሪ የራሱ ትንሽ ማሳተሚያ ነው። ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ሱቅ አይገኝም፣ ከተገኘም አሮጌ ነው። እኔ ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ የላኪው አስተሻሸግ ለወሬ አይመችም፣ ማቀፊያው ተሰንጥቆ ነው የደረሰኝ፣ ዲስኩ ግን ጭረት የለውም። ከቻላችሁ በቀጥታ ከባንዱ ግዙ፤ ገንዘቡ መሀል ላይ የሚቀር አይሆንም። ቴርፕ ላይ እግረ መንገዳችሁን የመሐመድ ጂሚ መሐመድንና የክራር ተጫዋቿን የፀሐይቱ በራኺን ሥራዎች ታገኛላችሁ። የመሐመድ ጂሚን ሳትሰሙ እንዳታልፉ፣ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ባንዱን ብቻውን መስማት ለምትፈልጉ፣ በ2018ም በ2025ም አዲስ አልበም አውጥተዋል፤ ሶክ በ2009 ሄዷል፣ በቦታው አርኖልድ ደ ቦር ይዘፍናል። ሦስት ጊታር፣ አንድ ድራም፣ ቤዝ የለም። ሳክስፎን ስለሌለ መግቢያ አድርጋችሁ በዚያ አትጀምሩ። መጀመሪያ «የአንበሳው ትዝታ»፣ ቀጥሎ «ሞዓ አንበሳ»፣ ከዚያ እነሱን ብቻቸውን። የዚያን ጊዜ ጊታሩ አይረብሻችሁም።