ትንሿ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽኔ፦ ለአሮጌ ላንድክሩዘር ዕቃ ስሠራባት ከቆየሁ በኋላ

አሮጌ ፎር ባይ ፎር ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። የሚፈልገው ዕቃ ወይ መመረት አቁሟል፣ ወይ ከነጭራሹ ተሠርቶ አያውቅም። የኔ መኪና ባለ 70 ሲሪዝ ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ ይህን መኪና ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ባሌስትራው ዛሬም ይገኛል። የሁለተኛ ባትሪ መቀመጫ፣ የጀሪካን መያዣ፣ እኔ በምፈልገው ቁመት የፖርቶመጋላ እግር ግን በልኬ የተሠራ አላገኘሁም። ራሴ መሥራት የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ለሥራው የገዛኋት በኤሌክትሮድ የምትበይድ ትንሽ ኢንቨርተር ናት። ክብደቷ አምስት ኪሎ ገደማ ስለሆነ በአንድ እጅ ትነሳለች። ወራት ሠርቼባታለሁ። ሦስት ሚሊና ከዚያ በላይ ውፍረት ላለው ብረት፣ በተለይ ለትንንሽ መያዣዎች፣ በጣም ወድጃታለሁ። ግን ሻጮች የሚያወሩት አምፒር ሥራዬን አልወሰነውም። የወሰነው የምትሰካበት መስመር፣ ኬብሏ፣ ፒንሳዋ (ኤሌክትሮዱን የሚይዘው መቆንጠጫ) እና የብረቱ ንጽሕና ነው።

ፊቷ ላይ በትልቁ 200 ይላል። ከጀርባዋ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ግን ጉዳዩን ዘርዘር አድርጋ ትናገራለች። በ200 አምፒር የሥራ ምጣኔዋ 30 በመቶ ነው። ይህ የሚሰላው በ10 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ደቂቃ በይዳ ሰባት ደቂቃ ታርፋለች ማለት ነው። አምፒሩን ዝቅ ስታደርጉት ምጣኔው ከፍ ይላል። 110 አካባቢ ላይ ዕረፍት ሳትጠይቅ ትውላለች።

ቀጥሎ ያለው የመብራቱ ጉዳይ ነው። 200 አምፒር ሲወጣ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ 28 ቮልት ገደማ አለ። ሲባዛ 5.6 ኪሎዋት ይመጣል። ባለ 16 አምፒር ሶኬት ደግሞ በ220 ቮልት ከ3.5 ኪሎዋት ብዙም የሚበልጥ አይሰጥም። ስለዚህ ብሬከሩ ይወርዳል። 100 አምፒር ላይ ግን የሚፈለገው 2.4 ኪሎዋት ነው። ማሽኗ በሙቀት የምታባክነው ቢጨመርበትም ሶኬቱ ይችለዋል። ለ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 100 አምፒር በቂ ነው፤ እኔ የምሠራቸውን ዕቃዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በእሱ ነው የምጨርሰው። ስለዚህ 250 የተጻፈባትን ለመግዛት ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ። ያንን ገንዘብ ወፍራም ማራዘሚያ ግዙበት። ቀጭንና ረጅም ገመድ ቮልቴጅ ይጥላል። ተጠቅልሎ እንዳለ ሲሰካ ደግሞ ይግላል፤ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው መሰካት ያለበት።

ማሽኗን በደንብ ያወቅኳት የሁለተኛውን ባትሪ መቀመጫ ስሠራ ነው። ባትሪ ከባድ ነው፣ 20 ኪሎ የሚያልፍ አለ። ኮረኮንች ላይ ያ ሁሉ ክብደት ሲዘል ይውላል። መቀመጫው ተሰንጥቆ ባትሪው ቢንሸራተትና ፖዘቲቩ ቦዲ ቢነካ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ እዚህ ሥራ ላይ መቻኮል የለም።

መጀመሪያ ልኩን በካርቶን አወጣሁ። ካርቶኑን ሞተር ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ኮፈኑ መዘጋቱን፣ ቱቦዎች አለመነካታቸውን አየሁ። ከዚያ 40 በ40 የሆነ 4 ሚሊ አንግል (L ቅርጽ ያለው ብረት) ቆርጬ ጫፎቹን በ45 ዲግሪ አስተካከልኩ። የሚበየደውን ቦታ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በግራይንደር ላጥኩት። አራቱን ዘንጎች በሞርሴቶ ጠረጴዛ ላይ አስሬ፣ እያንዳንዱን ማዕዘን በአንድ ነጥብ ብየዳ ብቻ ያዝኩ። ቀጥሎ በሜትር ከጥግ ጥግ ሰያፉን መለካት ነው። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከመጡ ማዕዘኑ ልክ ነው። ካልመጡም ገና በነጥብ ስለተያዘ በመዶሻ ቀስ ተደርጎ ይመለሳል። ሙሉ ብየዳው ሲጀመር ደግሞ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ጎረቤቱ አይኬድም፤ በሰያፍ ወደ ተቃራኒው ነው የሚኬደው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ብረቱን ወደ ራሱ ይስባል። እየተፈራረቁ ሲበየድ ስበቱ እርስ በርሱ ይጣፋል።

እዚህ ላይ የማሽኗ ብልሃት ይታያል። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ ለአፍታ አምፒሩን ከፍ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ ቶሎ ይለኮሳል። ቢጣበቅ እንኳ ኃይሉን ራሷ ትቀንሳለች፣ ኤሌክትሮዱም ሳይግል ይላቀቃል። በድሮዎቹ ከባድ ትራንስፎርመር ማሽኖች የለመደ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቃል። አምፒሩ ልክ ሲሆን ስላጉ (ብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት) እየቀዘቀዘ ራሱ ይነሳል፤ በመዶሻ መቀጥቀጥ የለም። እኔ ለአብዛኛው ሥራ 6013 ኤሌክትሮድ ነው የምጠቀመው። 7018 የተሻለ ጥንካሬ አለው፤ ግን እርጥበት ጠላቱ ነው። ፓኬቱ ተከፍቶ ከቆየ ከ300 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ምድጃ መድረቅ አለበት። በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ሰው ይህ አይመችም። ትንንሽ ኢንቨርተሮችም በ7018 ሲለኩሱ እንደ 6013 አይቀናቸውም።

የፖርቶመጋላው እግር ቀለል ይል ነበር። የድሮ መኪኖች አንዱ በረከት የጣሪያቸው አሸንዳ ነው፤ እግሩ እሱን ነክሶ ይቆማል፣ ጣሪያ መብሳት የለም። ከ5 ሚሊ ላሜራ የተቆረጠ መንጠቆ፣ ከሥሩ ሁለት ብሎን፣ መሃል ላይ ቀጭን ላስቲክ። ላስቲኩ የአሸንዳውን ቀለም ያድናል፤ ቀለሙ ከተላጠ ዝገት የሚጀምረው እዚያው ነው። እግሮቹን በዛ አድርጎ ክብደቱን መበተን ይሻላል። አሸንዳው ቀጭን ላሜራ መሆኑ መረሳት የለበትም።

ሻንሲው ላይ ግን ምንም አልበይድም። የማሽኗ አቅም ስለማይፈቅድ አይደለም። ሻንሲ በየመንገዱ እየተጠማዘዘ የሚኖር ብረት ነው። ከላይና ከታች ባለው ጠርዙ ላይ አግድም የተበየደ መስመር የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ፋብሪካው የተዋቸው ባዶ ቀዳዳዎች አሉ፤ የምሠራውን ሁሉ በእነሱ በኩል 8.8 የጥንካሬ ደረጃ ባለው ብሎን አስራለሁ። ነገ ሐሳቤን ብቀይርም መኪናው እንደነበረ ይመለሳል። ባሌስትራም በጭራሽ አይበየድም። በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ብየዳው ዳር ላይ ይሰበራል። መሪና ፍሬን የሚነካ ነገር ደግሞ ከትርፍ ጊዜ ሥራ ውጪ ነው። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የግድ መኪናው ላይ መበየድ ካለ፣ የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ይነቀሉ፤ የዲናሞው ዳዮዶች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ማሳው (የማሽኗን መመለሻ ኬብል ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው መቆንጠጫ) የሚታሰረው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ነው። ራቅ ብሎ ከታሰረ ኃይሉ በኩሽኔታ ውስጥ አቋርጦ ሊያበላሸው ይችላል። ብረቱን ለማጽዳት ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ቅሪቱ ከብየዳው ሙቀትና ብርሃን ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ጋልቫናይዝድ ቱቦም ቢሆን ዚንኩ በደንብ ሳይላጥ አይበየድም። ጭሱ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል።

አሁን ወደ ጉድለቶቿ። ከማሽኗ ጋር የመጣው ማሳ ከቀጭን ላሜራ የታጠፈ ነው። ስፕሪንጉ ቶሎ ላልቶ ብረቱን በደንብ መያዝ ተወ። ምልክቱ ግልጽ ነበር፦ ማሳው ራሱ ይግላል፣ ብየዳው ደግሞ ይቆራረጣል። ወፍራም የነሐስ ማሳ ስተካ ሌላ ማሽን የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ኬብሎቹም አጭር ናቸው፤ ማሽኗን ከሥራው አጠገብ እንድታስቀምጡ ያስገድዳሉ። ፒንሳው እስካሁን አለ፣ ግን ረዘም ላለ ሥራ እጀታው ይሞቃል። ከማሽኗ ጋር በስጦታ የመጣው በእጅ የሚያዝ ማስክ አንድ እጅ ስለሚወስድ አይረባም። በራሱ የሚጠቁር የራስ ማስክ ግዙ። በ100 አምፒር አካባቢ 10 ወይም 11 ቁጥር ጥላ ይበቃል።

ትልቁ ጠላቷ ግን የግራይንደር ብናኝ ነው። ማራገቢያዋ አየር ከውጪ ስባ በሰርኪቶቹ ላይ ታሳልፋለች። ብናኙ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሰርኪት ላይ ተጠራቅሞ ሾርት ካደረገ ማሽኗ አበቃላት። ስለዚህ የምቆርጥበትና የምበይድበት ቦታ የተለያየ ነው። ስቆርጥ ተነቅላ ተሸፍና ትቀመጣለች። አልፎ አልፎም ከሶኬት ነቅዬ፣ ውስጧ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይላቸው እስኪወጣ ቆይቼ፣ በደረቅ አየር አነፋታለሁ። በሚገርም ሁኔታ ብዙ ጥቁር ዱቄት ይወጣታል። ይህን እያደረግኩ እስካሁን ምንም አልሆነችም።

የማትችለውንም ልንገራችሁ። የቦዲ ላሜራ አትችልም። የበርና የወለል ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ አካባቢ ነው፤ ዝገት ከበላው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ገና ሲነካው ይበሳዋል። ቀጭን ኤሌክትሮድና ዝቅተኛ አምፒር የተሻለ ቢሆንም የሚያምር ሥራ አይወጣውም። ለዚያ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሽቦ የሚጠቀም፣ ጋዝ ያለው ማሽን ነው የሚያስፈልገው። እንደ አሮጌ ላንድሮቨር አሉሚኒየም ቦዲ ያለው መኪና ካላችሁም ይህች ማሽን ለቦዲው አትሆንም፤ ለብረት መያዣዎቹ ብቻ ነው። ከአሉሚኒየሙ ጋር ስታስሩት ደግሞ መሃላቸው ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ አስገቡ። ሁለቱ በቀጥታ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል።

እኔ የሽቦ ማሽን እስክገዛ የወለሉን ዝገት ለቦዲ ሠራተኛ እሰጣለሁ። የሽቦው ማሽን ሲመጣም ይህችን አልሸጣትም። በጋዝ የሚሠራው ንፋስ አይወድም፣ ሲሊንደሩም ለማንቀሳቀስ ከባድ ነው። ይህች ግን ከኬብሏ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ገብታ መኪናው ወዳለበት ትሄዳለች።