ባለ «አስር ሺህ ጌሙ» ስቲክ፦ ቁጥሩን እርሱትና ሚሞሪውን ፈትሹ

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ውስጥ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ ከቻርጀሩና ከኢርፎኑ መሃል ሁለት ጆይስቲክ የተሳለበት ካርቶን ካያችሁ፣ እሱ ነው፦ ቲቪ ላይ ተሰክቶ የድሮ ጌሞችን የሚያጫውት ዕቃ። ውስጡ ጣት የምታህል ስቲክ፣ አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ፣ የኃይል ገመድ፣ ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክና የእነሱ መቀበያ የሆነች ትንሽ ዩኤስቢ አለ። የካርቶኑ ስም ይለያያል፤ ዕቃው ግን አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የምትፈልጉት የድሮ የካርቱን ጌም ከሆነ ግዙት። አዲስ የእግር ኳስ ጌም ከሆነ ግን ገንዘቡን ይዛችሁ ጌም ቤት ብትሄዱ ይሻላል።

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ «አስር ሺህ ጌም አለው» ብሎ ነው። ዝርዝሩ መርዘሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማሪዮ በአሜሪካ ቅጂ፣ በጃፓን ቅጂ፣ ቀለሙ ተቀይሮ፣ ላይፍ ተጨምሮለት እየተደጋገመ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ጽሑፋቸው በሙሉ ጃፓንኛ የሆኑ ጌሞችም ሞልተውበታል፤ ቋንቋውን ካልቻላችሁ ከመጀመሪያው መንደር አትወጡም። ጌሞቹ የተጫኑት ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ስለሆነ ዋስትናም ማሻሻያም አትጠብቁ።

ካርቶኑ ላይ ያለው «ፎርኬ» (4K፣ እጅግ ጥርት ያለ ምስል) የሚለውም ጽሑፍ ከዚያው ወገን ነው። በ1983 የወጣው የጃፓኑ ኔንቲዶ የጌም ማሽን፣ ፋሚኮም፣ የሚያወጣው ምስል 256 በ240 ነጥብ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስቲኩ ይህንን ምስል አጉልቶ ለቲቪው ይሰጣል እንጂ ያልነበረ ዝርዝር አይፈጥርም። መፈጠርም የለበትም፤ የእነዚህ ጌሞች ውበት ነጥብ በነጥብ የተሳሉ መሆናቸው ነው። የምስሉን ቅርጽ ግን አስተካክሉ። ጌሞቹ የተሠሩት ለ4 በ3 ስክሪን ሲሆን ፍላት ቲቪ 16 በ9 ነው፤ ዝም ካላችሁት ማሪዮ ወደ ጎን ተለጥጦ ይወፍራል። በቲቪው ሪሞት የምስል ስፋቱን 4 በ3 አድርጉት። «ጌም ሞድ» የሚል ምርጫ ካለም ክፈቱት። ቲቪው ምስል ሲያሳምር የሚያጠፋው ጊዜ ገመድ አልባው ጆይስቲክ ከሚያዘገየው ጋር ሲደመር፣ በቡጢ ጌሞች ላይ ቁልፉን ተጭናችሁ ቡጢው ካረፈባችሁ በኋላ ነው የምትጎነበሱት።

ኃይሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስቲኩ 5 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ገመዱን ቲቪው ጀርባ ያለው ዩኤስቢ ላይ መሰካት ያጓጓል። የተለመደው የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፤ ሁለት ሰው ሲጫወት ወይም ከበድ ያለ ጌም ሲከፈት ስቲኩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ከ1 እስከ 2 አምፔር የሚሰጥ ደህና የስልክ ቻርጀር ራስ ተጠቀሙ። መብራት በሚቆራረጥበት ክረምት፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት በሚያርፉበት በሐምሌና በነሐሴ፣ መብራቱ እንደሄደ ቻርጀሩን ንቀሉት። ተመልሶ ሲመጣ የሚዘለው ቮልቴጅ ስቲኩንም ውስጡ ያለውን ሚሞሪ ካርድም ሊያቃጥል ይችላል። ቲቪያችሁ ኤችዲኤምአይ ከሌለው ወደ ሦስቱ ባለቀለም ቀዳዳዎች የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ለብቻው ትገዛላችሁ፤ እሱም የራሱን 5 ቮልት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ ፖፓይን ፈልጉ። ፖፓይ በ1929 በጋዜጣ ኮሚክ ጀመረ፣ በ1933 የፍላይሸር ወንድማማቾች አጭር ካርቱን አደረጉት፣ ፋሚኮም ገበያ በወጣበት ቀን አብረውት ከተሸጡት ሦስት ጌሞችም አንዱ እሱ ነው። ከሦስቱ ሌላዋ ዶንኪ ኮንግ ራሷ መጀመሪያ የታሰበችው በፖፓይ ባሕርያት ነበር፤ ፈቃዱ ስላልተገኘ ጎሪላ፣ አናጢና የምትታገት ሴት ተተኩ፣ ያ አናጢ ኋላ ማሪዮ ተባለ። ሁለቱን ጌሞች ተከታትላችሁ ተጫወቱ፤ ዝምድናቸው ወለሉና መሰላሉ ላይ ይታያል።

የእኛ ምርጫ ግን የጃፓኑ ጌም ሠሪ የካፕኮም ሥራዎች ናቸው። የ1989ኙ ዳክ ቴልስ ውስጥ ሀብታሙ ዳክዬ ስክሩጅ በምርኩዙ እየነጠረ ይሄዳል፦ በኤ ቁልፍ ዝለሉ፣ አየር ላይ እያላችሁ የታች አቅጣጫንና የቢ ቁልፍን አንድ ላይ ያዙ። ብዙ ልጆች ይህንን ስለማያውቁ እሾሁ ላይ ሲሞቱ ይውላሉ። ስክሩጅን ካርል ባርክስ የፈጠረው ለኮሚክ መጽሐፍ በ1947 ነው፤ ከጌሙ በፊት ኮሚኩን ያነበበ ሰው የሀብት ፍለጋው ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። የ1990ው ቺፕ ኤንድ ዴል ደግሞ ለወንድምና እህት የተሠራ ነው። ሁለቱም አብረው ሳጥን እያነሱ ይወረውራሉ፤ አንዱ ሌላውን አንስቶ መወርወርም ይችላል፣ ጠቡም የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ከካፕኮም ውጭ ደግሞ ለትንንሾቹ የ1992ቱ ፊሊክስ ድመቱ ይቀላል። ቶም ኤንድ ጄሪ ስሙ ይስባል፣ ጄሪን ሆናችሁ ነው የምትጫወቱት፤ ጌሙ ግን ከካርቱኑ አይደርስም።

አላዲን ሁለት ነው፣ ሁለቱም የ1993 ናቸው፣ አታምታቷቸው። ዝርዝሩ ውስጥ በሴጋ ሜጋ ድራይቭ (ሌላ የድሮ የጌም ማሽን) ስር ያለው ጎራዴ ይይዛል፤ እንቅስቃሴው የዲዝኒ ሰዓሊዎች በእጅ የሳሉት ስለሆነ እንደ ፊልሙ ይፈሳል። በሱፐር ኔንቲዶ (ከፋሚኮም በኋላ የመጣው የኔንቲዶ ማሽን) ስር ያለው የካፕኮም ነው፣ ጎራዴ የለውም፣ ጠላት ላይ እየዘለሉ ነው። ለዓይን የሴጋው፣ ለእጅ የካፕኮሙ ይሻላል ባዮች ነን።

ኮንትራ የሚባለው የተኩስ ጌም ላይ ሠላሳ ላይፍ የሚሰጠውን ኮድ ሁሉም ያውቀዋል፦ ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ፣ ከዚያ ስታርት፤ ለሁለት ሰው ከስታርት በፊት ሴሌክት። በስቲኩ እምቢ የሚለው ጆይስቲኩ ላይ የተጻፉት ፊደሎች አንዳንዴ ስለሚገለበጡ ነው። ጌሙን ከፍታችሁ የሚያዘልለውን ቁልፍ ለዩ፣ ኤ እሱ ነው፣ የሚተኩሰው ቢ። በተከታታይ የሚተኩሱትን የቱርቦ ቁልፎች ለኮዱ አትጠቀሙ፣ አንዱን ጭነት ብዙ ያደርጉታል። ታንክ 1990 ብላችሁ የምታውቋትም አለች፤ እሷ ናምኮ የሚባለው ጌም ሠሪ በ1985 ያወጣው የባትል ሲቲ የተነካካች ቅጂ ናት።

በሽጉጥ ዳክዬ የሚታደንበት ጌም ግን አይሆንም። ሽጉጡ የሚሠራው በድሮው ወፍራም ቲቪ ብቻ ነው፤ ምላጩ ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ጠቁሮ ዳክዬዋ ያለችበት ቦታ ነጭ ይሆናል፣ ሽጉጡም ያንን ብርሃን ያነባል። ፍላት ቲቪ ምስሉን ስለሚያዘገይ አይደርስለትም፣ ስቲኩም ሽጉጥ የለውም። የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች ይከፈታሉ፤ ሁለት ገጽታ ያላቸው (2D) ይሄዳሉ፣ ሦስት ገጽታ ያላቸው (3D) ግን ብዙዎቹ ይንተባተባሉ።

ዕቃው የሚሞተው ከሚሞሪው ነው። አብሮ የሚመጣው ሚሞሪ ባለ 64 ጊጋ ይባላል፣ ጥራቱ ግን ዝቅተኛ ነው፤ ሲበላሽ ቲቪው ባዶ ይሆናል ወይም ዝርዝሩ ይቀራል። ገና እንደገዛችሁ ስቲኩን አጥፍታችሁ ሚሞሪውን አውጡ፣ በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የካርዱን ሙሉ ቅጂ (ዲስክ ኢሜጅ) ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ፋይሎቹን ብቻ ኮፒ ማድረግ የተደበቀ ክፍል ሊያስቀር ይችላል። ኋላ ላይ ያንን ቅጂ ስሙ የታወቀ ኦሪጅናል ሚሞሪ ላይ መጫን ነው፤ አዲሱ ከድሮው ያነሰ መጠን ሊኖረው አይገባም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ቲቪ ላይ እንዲከፍቱላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ጆይስቲክ እኩል መሥራቱን፣ አራቱም አቅጣጫ መታዘዙን፣ ጌም ሴቭ አድርጎ መልሶ መክፈቱን እዩ፤ በአብዛኞቹ ስታርትና ሴሌክት አንድ ላይ ሲያዙ የሴቭ ሜኑው ይመጣል። እያንዳንዱ ጆይስቲክ ሁለት ቀጭን የሪሞት ድንጋይ ይበላል፣ ድንጋዩ ሲደክም ቁልፉ ሳይለቀቅ ይቀራል፣ ሰውም ጆይስቲኩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ትንሿ መቀበያ ዩኤስቢ ከጠፋችባችሁ ሁለቱም ጆይስቲኮች ዋጋ የላቸውም። ቁልፍ መደንቆር ከጀመረ ጆይስቲኩን ከፍታችሁ ከጎማው ስር ያለውን ጥቁር ንጣፍና እሱ የሚነካውን የቦርዱን ክፍል አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። በቢላ አትፋቁት፤ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ያ ጥቁር ንጣፍ ራሱ ነው።