በሐይቅ ዳርቻ ዳስ ለሠሩልን አናጺ ምስጋና እና ጥቆማ

ባለፈው ጥቅምት ለአንድ የጭማቂ ማስታወቂያ ቀረጻ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከውኃው ዳር ጊዜያዊ የመዝናኛ ዳስ ለሠሩልን የደሴ አናጺና ለሁለት ረዳቶቻቸው ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሥራውን መጀመሪያ የተዋዋለን ሌላ ሰው ቀብድ ተቀብሎ ነበር፤ ቀረጻው 4 ቀን ሲቀረው ግን ስልኩን ዘጋብን። ጋሼን ያገኘኋቸው አጣና ፍለጋ ደሴ ውስጥ ስንከራተት ነው። ንድፉን አገላብጠው ካዩ በኋላ «አብሽሪ ልጄ፣ ይደርሳል፤ ግን እንዲህ ሆኖ አይቆምም» አሉኝ።

ንድፋችን አራቱ ቋሚዎች ከውኃው ጠርዝ እንዲቀበሩ ያዝዝ ነበር። ጋሼ ቦታው ላይ ደርሰው በዶማ ክንድ እንኳ የማይሞላ ጉድጓድ ቆፈሩና ዝም ብለው ቆሙ፤ ወዲያው ውኃ አቀረረ። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለው የክረምቱ ውኃ ቶሎ እንደማይሸሽ፣ እንዲህ ባለ አፈር የተቀበረ እንጨትም ከነክዳኑ እንደሚያዘነብል ያስረዱን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ቋሚዎቹን ከመቅበር ይልቅ ሞራሌ በሚባለው ባለ አራት ማዕዘን የመጋዝ እንጨት በተሠራ መሠረት ላይ አቁመው፣ መሠረቱን አሸዋ በሞላባቸው ጆንያዎች ተጫኑት። ማገሩንና ወራጁን በሚስማር ሳይሆን በገመድ አሰሩ፤ ክዳኑን በሰንበሌጥ ከደኑ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሥቶ ብርሃን የምናንጸባርቅበትን ሪፍሌክተራችንን ከነመቆሚያው ሲጥለው ዳሱ ከመንሾካሾክ ያለፈ ነገር አልሆነም።

አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ በካሜራ ፊት ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል። ለቀለም የያዝነው ገንዘብ አልነበረንም፤ ጋሼ ግን ከአካባቢው ቡና ቤቶች የቡና አተላ በባልዲ አስመጥተው አጣናውን በጨርቅ አሹት፣ እኔም እጄን አጥቁሬ አገዝኳቸው፤ ሲደርቅ የብዙ ዓመት እንጨት መሰለ። በዚህ ዘዴ እስከ አሁን ድረስ እገረማለሁ። አርብ ለጁምዓ ሥራ አቁመው የሚሄዱት እኚሁ ሰው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በማስታወቂያው ጀርባ እንዳይታይ የዳሱን ፊት ወደ ሌላ አቅጣጫ እንድናዞር የመከሩንም እሳቸው ናቸው፤ ዳይሬክተራችን ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ ተቀብሎታል።

ቀረጻው እንዳለቀ ገመዱን ፈትተው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቦታውን ባዶ አደረጉት፤ አሸዋውን ወደነበረበት መልሰው፣ ሳይቆረጥ የተረፈውን አጣና ቆጥረው አስረከቡኝ።

በወሎ ውስጥ ለቀረጻ፣ ለሠርግም ሆነ ለበዓል ጊዜያዊ ዳስ የሚያሠራ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። ሥራ ላይ እያሉ ስልክ ስለማያነሡ ማታ ማታ መሞከር ይሻላል፤ ሰንበሌጡም በደንብ መድረቅ ስላለበት፣ እንደ እኛ በመጨረሻው ሰዓት ሳይሆን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይነገራቸው።