አንድ ኪቦርድና ማውስ ለላፕቶፕም ለታብሌትም፦ የቱን ልግዛ?

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ኪቦርድና ሁለት ማውስ ተደርድሮ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሲጠፋ ነው መላ መፈለግ የጀመርኩት።

ላፕቶፓችሁ ማክ፣ ታብሌታችሁ አይፓድ ከሆነ ኪሳችሁን አትንኩ። ዩኒቨርሳል ኮንትሮል የሚባለው፣ የማኩን ኪቦርድና ማውስ አይፓዱም ላይ የሚያሠራው ነገር፣ ከ2022 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ማክኦኤስ 12.3 እና አይፓድኦኤስ 15.4 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሁለቱም በአንድ የአፕል አካውንት ይግቡ፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ ይከፈት። የማውሱን ቀስት ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ገፋ ስታደርጓት አይፓዱ ላይ ብቅ ትላለች። ፋይልም ጎትቶ ማሻገር ይቻላል። ከዚህ የሚመች አላየሁም። ያገለገለ ማክ ለምትገዙ ግን፦ ከ2018 በፊት የወጣ ማክቡክ ኤር አይሠራም።

ዊንዶውስና አንድሮይድ ላለን ደግሞ ምርጫዬ ባለ ሦስት ቻናል ብሉቱዝ ኪቦርድ ነው፤ ከሦስት መሣሪያ ጋር ተገናኝቶ በቁልፍ ይቀያየራል። ለምሳሌ ሎጊቴክ ኬ380። ከላይ በግራ በኩል ሦስት የመቀያየሪያ ቁልፎች አሉት። መጀመሪያ አንዱን ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማገናኘት ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ነካ ማድረግ ይበቃል። የሚሠራው በሁለት ትሪፕል ኤ ባትሪ ድንጋይ ነው።

ሰው የሚሸወደው ማውሱ ላይ ነው። እኔም ተሸውጃለሁ። ኪቦርዱን ወደ ታብሌቱ ስቀይር ማውሱ ላፕቶፑ ላይ ቀረ! የገዛሁት ባለ አንድ ሪሲቨር (ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ) ተራ ማውስ ነበር። ስለዚህ ማውሱም እንደ ሎጊቴክ ኤም720 መቀያየሪያ ያለው ይሁን። ያም ሆኖ ሁለቱን ለየብቻ መቀየር አይቀርም። በተለያዩ መሣሪያዎች መካከል ቀስቷን የሚያሻግረው የሎጊቴክ ፍሎው የተባለ ሶፍትዌር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እሱ ያለውን ማውስ ለታብሌት ብላችሁ አትግዙ።

ቤት ያለውን ባለ ገመድ ኪቦርድና ማውስ መጣል ያሳዘነው ሰው የዩኤስቢ ስዊች ይሞክር፤ ኪቦርዱና ማውሱ የሚሰኩበት፣ ከላፕቶፑም ከታብሌቱም ጋር በገመድ የሚገናኝ ትንሽ ሳጥን ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫን ሁለቱም አብረው ይሻገራሉ። ግን ታብሌቱ ኦቲጂ (በቻርጀሩ ቀዳዳ ኪቦርድና ማውስ የመሰለ ዕቃ መሰካት) መቀበል አለበት፤ የቻርጀሩ ቀዳዳ ይያዛል፣ ባትሪውንም ይበላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አማርኛ ለምትጽፉ አንድ ነገር፦ «ሰላም» ብሎ የሚያወጣው ኪቦርዱ ሳይሆን ውስጥ የተጫነው ሶፍትዌር ነው። ላፕቶፑ ላይ አማርኛ የሚጽፈው ኪቦርድ ታብሌቱ ላይ በላቲን ሊያወጣባችሁ ይችላል። ታብሌቱን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አንድ መስመር ጽፋችሁ እዩ።