ለእናቴ ሲስተር የከበረ ምስጋና፣ ለእናቶቻችሁም ጥቆማ

ሰላም የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው እናቴን አስፈቅጄ ነው። እንዲያውም "ጻፊው፣ እንደኔ ደብቃ የምትሰቃይ አትጠፋም" ያለችኝ እሷ ናት።

እማዬ የማህፀን መውጣት፣ ማለትም ማህፀን ከቦታው ወደ ታች የሚወርድበት ችግር ነበረባት። ለዓመታት "ወገቤን ነው" እያለች ደብቃን ቆየች። ቅዳሴ ቆማ ማስቀደስ ሲያቅታትና ሽንቷ ሲያመልጣት ነው የነገረችኝ። መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ "ክብደት ይቀንሱ" ብለው ብቻ መለሷት። አንገቷን ደፍታ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት በጄ አልል አለች።

በመጨረሻ ዩሮጋይናኮሎጂ ክሊኒክ፣ የሴቶችን የማህፀንና የፊኛ መውረድ፣ የሽንት ማምለጥም የሚያክሙበት ቦታ ስንሄድ ይቺ ሐበሻ ሲስተር ገጠመችን። እግዜር ይስጣት! በሩን ዘግታ፣ ከእማዬ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ በአማርኛ አንድ በአንድ አስረዳቻት። "እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ወሊዱም ዕድሜውም ሸክሙም አለበት" አለቻት። ክብደት የሆድን ግፊት ስለሚጨምር ማህፀንና ፊኛን ደግፎ የያዘውን ጡንቻ ቀን ከሌት ይጫነዋል። ኪሎ መቀነስ የወረደውን ወደ ቦታው አይመልሰውም፤ ግን ወደ ታች የሚጎትተው ስሜትና የሽንቱ ማምለጥ ቀለል ሊል ይችላል፣ ለማደንዘዣውና ለቁስሉም ይበጃል። ይህንኑ ነገር ያኛው ቦታ እንዲህ ቢነግራት ኖሮ እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ባልተሰቃየች።

ደግሞ ሜሽ የሚባለውን፣ የወረደውን ደግፎ እንዲይዝ በኦፕራሲዮን የሚገባውን መረብ ፈርተን ነበር፣ ዘመድ ሁሉ "ታግዷል እኮ" እያለ። ሲስተር ቁራጩን አምጥታ እማዬ እጅ ላይ አስቀመጠችው። እማዬ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ "ይሄ እኮ ወንፊት ነው" አለች። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) በ2019 እንዳይሸጥ ያዘዘው ለማህፀን መውጣት ተብሎ በብልት በኩል የሚገባውን ነው፣ አምራቾቹ ደህንነቱንና ጥቅሙን በበቂ ማስረጃ ስላላሳዩ። በሆድ በኩል ገብቶ የብልትን የላይኛ ክፍል ከጀርባ አጥንት ግርጌ ጋር የሚያያይዘው ግን ዛሬም ይሠራል። እሱም ቢሆን ከጉዳት ነጻ አይደለም፣ ቆይቶ ስጋውን በስቶ ብቅ ሊል፣ ሊያምም ይችላል። ይህንንም አልደበቀችንም። ያለ ሜሽ በራስ ስጋ ብቻ የሚሰፋ እንዳለ፣ ኦፕራሲዮን ለማትፈልግም ፔሳሪ የሚባል ደግፎ የሚይዝ የሲልከን ቀለበት እንዳለ ነገረችን፤ ከዶክተሩ ጋርም ቁጭ ብለን ተማከርን።

እማዬ መጀመሪያ ቀለበቱን አድርጋ፣ የእግር ጉዞ ጀምራ ኪሎዋን ቀነሰች። ከዚያ በሆድ በኩል ሜሹ ገባላት። ከባድ ነገር እንዳታነሳ ስለተባለች የገበያ ፌስታሉን የምሸከመው እኔ ነኝ፣ ደስ እያለኝ። አሁን መቋሚያዋን ይዛ ቅዳሴውን ቆማ ታስቀድሳለች።

ሲስተርዬ፣ ዘመንሽ ይባረክ፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ!

ስሟንና የክሊኒኩን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ወደ ዩሮጋይናኮሎጂስት ሪፈር እንዲያደርጋችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፣ ልጅ ፊት እንዲህ ያለውን ማውራት ለሚከብዳት እናት ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት በብልት በኩል ሜሽ የገባላችሁም፣ ምንም ካላስቸገራችሁ የግድ ይውጣ አይባልም፤ መድማት፣ ሕመም ወይም ፈሳሽ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ።