የቤት ውስጥ ተክል ማብቀያ ጥቅል፦ መብራቱ ያዋጣል፣ የተባይ መከላከያው ግን ይጎድለዋል

በብዛት ከሚሸጡት ጥቅሎች አንዱ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንኳን፣ 100 ዋት የኤል ኢ ዲ ሰሌዳ፣ ታይመር፣ በክሊፕ የምትያያዝ ትንሽ ማራገቢያ፣ ጥቂት ቢጫ ተለጣፊ ካርዶችና አንድ ጠርሙስ የኒም ዘይት (ተባይ ለመከላከል የሚረጭ የተክል ዘይት) ይዞ ይመጣል። ለሰላጣ፣ ለበሶብላ ወይም ለሁለት ሦስት ማሰሮ ቃሪያ ይበቃል። ዋጋውን የሚያወጣው መብራቱ ነው። ለተባይ ተብሎ የተጨመረውን ግን እንዳለ ብትጠቀሙበት፣ ከተባዩ ይልቅ ተክሉን ልትጎዱት ትችላላችሁ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «1000 ዋት» እርሱት። የሚቆጠረው መብራቱ ከሶኬት የሚስበው ኃይል ብቻ ነው። ጥሩ ዳዮድ (ሰሌዳው ላይ ያለች የብርሃን ነጥብ) በአንድ ጁል ኃይል 2.5 ማይክሮሞል (ለተክል የሚሆን ብርሃን መለኪያ) ያህል ብርሃን ስለሚያወጣ፣ 100 ዋት ማለት በሰከንድ 250 ማይክሮሞል ማለት ነው። ይህ በድንኳኑ ወለል፣ በ0.36 ካሬ ሜትር ላይ ሲከፋፈል በሂሳብ ደረጃ በአንድ ካሬ ሜትር በሰከንድ ወደ 700 ማይክሮሞል ይጠጋል፤ ግድግዳው የሚውጠውና በዳር የሚባክነው ሲቀነስ 500 አካባቢ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ችግኝ ከ100 እስከ 200፣ ሰላጣ ከ200 እስከ 300 ይበቃዋል፤ ፍሬ የያዘ ቃሪያ ከ400 እስከ 600 ይፈልጋል። ወሳኙ ግን የቀኑ ድምር ነው። 300 ማይክሮሞል ለ16 ሰዓት ሲበራ 17 ሞል (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው) ገደማ ይሰጣል፤ ለሰላጣ ይህ በቂ ነው፣ ቃሪያ ግን ከ20 በታች ሲሆን ቅጠል እንጂ ፍሬ አያበዛም። ታይመሩን 24 ሰዓት ክፍት አድርጎ ድምሩን ማሳደግ አያዋጣም፤ ቲማቲም ጨለማ ካላገኘ ቅጠሉ እየገረጣ ይበላሻል።

ዲመር (ብርሃኑን መቀነሻና መጨመሪያ) የሌለውን መብራት አትግዙ። ድንኳኑ አጭር ስለሆነ መብራቱን ወደ ላይ እየሰቀሉ ብርሃን የሚቀንሱበት ቦታ ቶሎ ያልቃል። ለችግኝ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ አብሩት፤ ተክሉ ሲጠነክር ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያደረጋችሁ ኃይሉን ጨምሩ። ግንዱ ቀጥኖ ከተመዘዘ ብርሃን አንሶታል። የላይኛው ቅጠል እየነጣ የታችኛው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ በዝቶበታል፤ ብዙ ሰው ይህን የማዳበሪያ እጥረት ይመስለውና ማዳበሪያ ይጨምርበታል። ጥጉ ከመሃሉ ያነሰ ብርሃን ስለሚደርሰው በየጥቂት ቀኑ ማሰሮዎቹን አቀያይሩ። ሽቦው ከደረሰ ድራይቨሩን (ለመብራቱ ኃይል የሚያቀርበውን ሳጥን) ከድንኳኑ ውጭ ስቀሉት፣ አንዱ የሙቀት ምንጭ እሱ ነው።

ከወይን ጠጁ መብራት ይልቅ ነጩን የምንመርጥበት ዋናው ምክንያት ተባይን ቶሎ ለማየት ነው። በወይን ጠጅ ብርሃን ሥር ቅጠሉ ሁሉ ጥቁር ስለሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ አይታይም። ስፓይደር ማይት የሚባለው ደቃቅ የቅጠል ተባይ የሚጀምረው ደግሞ በዚያች ነጠብጣብ ነው። ተባዩ ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሞቃትና ደረቅ አየር ስለሚወድ መብራቱ አጠገብ ያለው የተክሉ ጫፍ ይመቸዋል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ በማጉያ መነጽር እዩት፦ በሁለት ጎኑ ጥቁር ነጥብ ያለው ገርጣ ያለ ነፍስ፣ አጠገቡም ክብ፣ ብርጭቆ የመሰለ እንቁላል። መነጽር ከሌለ ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርጉት፤ ከወደቀው አቧራ መካከል የሚራመድ ካለ እሱ ነው። ድር ካያችሁ ግን ዘግይታችኋል።

ለዚህ ተባይ ቢጫው ካርድ አይጠቅምም፤ ማይት ክንፍ የለውም። ካርዱ የሚይዘው ነጭ ዝንብን፣ ክንፍ ያወጣ ክሽክሽን፣ ትሪፕስ የሚባሉ ደቃቅ ነፍሳትንና ከእርጥብ አፈር የምትነሳዋን ትንሽ ጥቁር ትንኝ ነው። እነሱንም ቢሆን መኖራቸውን ይነግራችኋል እንጂ አይጨርስላችሁም። የትንኟ እጭ ያለው በአፈሩ ላይኛ ክፍል ነው። አፈሩ ላይ ቁራጭ ጥሬ ድንች አስቀምጣችሁ ከሁለት ቀን በኋላ ብትገለብጡት፣ ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነ ነጭ ትል ታገኛላችሁ። ላይኛው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር እስኪደርቅ ውሃ አታጠጡ፤ ካልበቃ ቢቲአይ የሚባለውን ባክቴሪያ በማጠጫው ውሃ መስጠት እጩን ይገድላል።

ወደ ዘይቱ እንመለስ። የተለመደው መጠን ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ዘይትና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ ሳሙናው ከሌለ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፍና የመጨረሻው ርጭት ንጹሕ ዘይት ይሆናል። መብራቱ እንደበራ ከረጫችሁ ቅጠሉ ይቃጠላል። ስለዚህ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ርጩ፣ ማራገቢያውን ክፈቱ፣ አስቀድማችሁም በአንድ ቅጠል ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ለማይት ግን ከዘይቱ ይልቅ ለተክል የተሠራውን ሳሙና እንመርጣለን። የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ የታችኛው ገጽ መራስ አለበት፤ እንቁላሉን ስለማይጎዳም በየ5 እስከ 7 ቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው አንዴ ረጭቶ ሲያቆም ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የቅጠሉን ሰም ስለሚያነሳ በዚህ ቦታ አትተኩት።

ማራገቢያዋ ደካማ ናት፣ ከቻላችሁ ቀይሯት። ጥቅሉ ውስጥ የሌሉት ሁለት ነገሮች፣ 10 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ የሚያጎላ መነጽርና የተክል ሳሙና፣ ከመብራቱ ጋር አብረው ቢገዙ ይሻላል። ዘይቱ ባይኖርም ብዙ አይጎድልባችሁም።