የአባታችንን ኮሮላ ለቀለም ላዘጋጀልን ባትላሜራ ምስጋና

ለገጣፎና አካባቢው ያላችሁ፣ አሮጌ መኪናችሁን እንደኛ ግቢያችሁ ውስጥ ልትቀቡ ካሰባችሁ ይህን ልጅ ሳታገኙት እንዳትጀምሩ። ስሙን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመነኝ ባትላሜራው እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናዋ አባታችን የተወልን ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ቀለም መርጨቱን ወንድሜ ያውቅበታል፤ ኮምፕረሰርም ሊከራይ ተነጋግሮ ነበር። የቀረን ጎድጎድ ያለውን የሚያወጣና ዝገቱን የሚያጸዳ ሰው ብቻ መስሎን ነበር።

ባትላሜራው እንደመጣ ዋጋ አልጠራም። ከኪሱ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አውጥቶ መኪናዋን ዙሪያዋን ዳሰሳት። ከቀኙ የኋላ ጎማ በላይ ሲደርስ ማግኔቱ አልይዝ አለ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ላሜራ የለም» አለኝና በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ወፍራም ስቱኮ (ጎድጎዱን መሙያው ልጥፍ) እየተፈረፈረ ወደቀ። ከስቱኮው ኋላ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ኋላ ደግሞ ዝገት የበላው ቀዳዳ! ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ «ተበይዷል» ብሎ ሙሉ ሒሳብ የተቀበለበት ቦታ ነው። «ይሄን እንዳለ ሸፍኜ ብሰጥዎት ለገና ያምራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ተመልሶ ይፈነዳል» አለኝ። ሥራው እንደሚጨምር፣ ስንት እንደሚጨምርም ነግሮኝ እሺ እስክለው ጠበቀ። ይህችን ጠባዩን ከሁሉ በላይ ወደድኩለት።

የባትሪውን ገመድ ፈታ፣ ምንጣፉን አወጣ፣ ውሃ አጠገቡ አስቀመጠና የተበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደበት። ስቱኮ የቀባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም በስሱ፣ የጸዳ ብረት ላይ። ፍሬቻውን፣ ማኒሊያውን፣ ፓራውልቱን ፈታትቶ ብሎኖቹን ከየት እንደወጡ ጽፎ በየፌስታሉ ቋጠራቸው። የኋላውን መስታወት ጎማ ሲያነሳ ከሥሩ ሌላ ዝገት ተገኘ። በወረቀት ፕላስተር ሸፍነን ብንረጨው ኖሮ እዚያው ተደብቆ ይቀር ነበር።

ለወንድሜም ብዙ አስተማረው። ከመፈግፈግ በፊት መኪናዋ በሳሙና ታጥባ ቅባቱ መነሳት አለበት፤ አለዚያ ሰምና ሲሊኮኑ በብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት ውስጥ ይገባና ቀለሙ እንደ ዓሣ ዓይን እየሸሸ ይከፈታል። ስቱኮውን በ80፣ በ180፣ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ መሄድ ነው፤ ግን በደረቁ፣ ምክንያቱም ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፣ ውሃው ደግሞ ከሥር ዝገት ያመጣል። በውሃ የሚፈገፈገው ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት የሚረጨው ሥረ ቀለም) ከደረቀ በኋላ ነው፣ በ600። የቀለሙን ቁጥር ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ክፍል ካለው ሳህን ላይ አሳየን። በዚያው ቁጥር ስላስበጠበጥን ነጩ ያው ነጭ ነው፤ ሊብሬ ላይ ያለው ቀለምም አልተነካም።

ያስጠነቀቀን ሁለት ነገር ደግሞ ሁሉም ይስማው። ቲነር በተከፈተበት ግቢ የቡና ከሰል አይቀጣጠልም። በሃርድነር (በማጠንከሪያ) የሚበጠበጥ ቀለም ሳንባ የሚጎዳ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ስላለበት በኮሮና ጊዜው ጭምብል አይረጭም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ማስክ ይፈልጋል፣ ልጆችም ከአካባቢው ይራቁ። የሰፈራችን መንገድ አቧራ ስለሆነ ግቢውን ውሃ አርከፍክፈን፣ ረፋድ ላይ ብረቱ ከጠዋቱ ብርድ ሲላቀቅ ነው የረጨነው።

ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም። ከገዛው ዕቃ የተረፈውን ብር ከነደረሰኙ መልሶልኛል። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እናታችንም መርቃሃለች።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቤት ድረስ ይመጣል፤ መብራት ያለበት ግቢና መኪናዋን የሚያስጠልል ቦታ ብቻ አዘጋጁለት። ዝናቡ ሳይገባ ብትቀጥሩት ይሻላል።